የሥራነሽ ማገጥ

ሥራነሽ ከደምበጫ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችው በሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ባሏ ሌላ ሴት አምጥቶ ጓዳዋ ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ፣ «ከፈለግሽ አብረሻት ኑሪ፣ ካልፈለግሽ መንገዱ ያውልሽ» አላት። እሷ መንገዱን መረጠች። የዘጠኝ ዓመት ልጇን ወንጌላዊትን በአንድ እጇ፣ አንዲት ቀይ ጊደር በሌላው እጇ ይዛ ሦስት ቀን በእግሯ ተጉዛ፣ ከሉማሜ ወረድ ብላ ካለችው የተወለደችባት መንደር ደረሰች። አባቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ ጊደሯን፣ ቀጥሎ ልጅቱን፣ መጨረሻ ላይ እሷን አዩና «ግቢ» አሏት። ከዚያ በኋላ ስለ ደምበጫ አንድም ቀን አልጠየቋትም።

በዓመቱ አባቷ ከቤቱ በታች፣ ወደ ወንዙ ሲወረድ ያለችውን አንድ ጥማድ መሬት ሰጧት። መሬቷ ጎርፍ ያጠባት፣ ጤፍም ገብስም አልይዝ ብላ የተተወች ነበረች። ታናሽ ወንድሟ አንተነህና ጎረቤታቸው አያ ቢያዝን ባሉበት፣ «ይህቺ ያንቺ ናት። ካወቅሽባት ታኖርሻለች፤ ካላወቅሽባት እኔን አትውቀሺ» አሏት። ወረቀት አልተጻፈም። የመሬት ደብተሩ በአባቷ ስም ነበር፤ እሳቸው ሲያርፉ ሥራነሽ በአሮጌው ቤት ብትቀርም፣ መሬቱ ጠቅላላው ወደ አንተነህ ዞረ። አንተነህ በአባቱ መቃብር ምሎ፣ «እታለም፣ ስሙ የኔ ይሁን እንጂ መሬቷ ያንቺው ናት» አላት። አመነችው። ወንድሟ ነው፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ነው።

ሁለት ዓመት መሬቷን አርሳ ዘራች። ያገኘችው ከዘራችው ብዙም አልበለጠም።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት ውበቱ የሚባል የከብት መኖ ተመራማሪ ከመንደሩ ማዶ መሬት ወስዶ፣ በገመድ ከፋፍሎ ሣር ዘራ። የመንደሩ ሰው ሳቀበት። ሣር ይነቀላል እንጂ ይዘራል? ውበቱ ግን ከሣሩ ጋር ማገጥም ዘራ፤ ያንን ክረምት ላይ በየጨፌውና በየመንገዱ ዳር ሐምራዊና ነጭ አበባ የሚያወጣውን፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን። ለቀን ሥራ ሴቶች ፈለገና ሥራነሽ ሄደች። ሥራው ሥር ማጠብ ነበር። ማገጡ ከነሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ በሳፋ ውኃ አፈሩ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል፣ ከዚያ ሥሩ ላይ የተንጠለጠሉት የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክሉ ጉብጉቦች ይቆጠራሉ። የመንደሩ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ስሟን ቀየሩት። «ሥራነሽ ቀርቶ ሥር ነሽ ሆነች» ተባለ። ሥርነሽ የሚለው ስም እስከ ዛሬም አልለቀቃትም።

አንድ ቀን ውበቱ ከሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አለና፣ «እትዬ ሥራነሽ፣ እስቲ አንዷን በጥፍርዎ ይሰንጥቋት» አላት።

ሰነጠቀቻት። ውስጧ እንደ ሥጋ ቀይ ነበር።

«ደም አላት!»

«ቀይ ከሆነች እየሠራች ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነች ግን ሰንፋለች ወይም ሞታለች።»

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ከአየር ምግብ ትይዛለች። ዩሪያ ብላችሁ በከረጢት የምታመጡት ማዳበሪያ ዋና ነገሩ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሞልቷል፤ ሣርም ስንዴም ግን ከአየር ሊወስደው አይችልም። በእነዚህ ጉብጉቦች ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። እነሱ ለማገጡ ይይዙለታል።»

«ለማገጡ ብቻ?»

«መጀመሪያ ለማገጡ። ኋላ ሥሩ ሲበሰብስ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ከብት በልቶት እበቱንና ሽንቱን ሲጥል ደግሞ አጠገቡ ያለው ሣር ይወስደዋል።» ተነሣና ወደ ሁለት መደቦች ጠቆመ። በአንደኛው ጋጃ የሚባለው ሣር ብቻውን ቆሟል፤ ቀጭን ነው፣ ወደ ቢጫነት ያደላል። በሌላው ጋጃው ከማገጥ ጋር ተቀላቅሏል፤ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ከአረንጓዴነቱ የተነሣ ወደ ጥቁርነት ያደላል። «ለሁለቱም አንዲት ፍሬ ማዳበሪያ አልሰጠሁም» አለ።

ሥራነሽ ሁለቱን መደቦች ደጋግማ አየች። ከዚያ፣ «ሣሩስ ለማገጡ ምን ይሰጠዋል?» ብላ ጠየቀችው።

ውበቱ ጥያቄውን አልጠበቀውም ነበር። «ሣሩ ካልወሰደለት ማገጡ መያዙን ይተዋል» አለ። «መሬት ላይ የተረፈ ካገኘ ከአየር ለመያዝ አይደክምም። ዩሪያ ስትበትኑበትም እንደዚሁ ይሰንፋል። ሌላም አለ። ሣር ያልተቀላቀለበት እርጥብ ማገጥ የራበውን ከብት ሆዱን ነፍቶ ይገድለዋል። ሣሩ ሲኖር ግን ያ ነገር ይቀንሳል።»

«ታዲያ ለየብቻ አንዱም አይረባም በሉኛ።»

ሳቀና ይህን ቃሏን ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ከሁለት ክረምት በኋላ ሙከራው አለቀ። ውበቱ ገመዱን ጠቅልሎ፣ ስልክ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጥቷት ሄደ።

በዚያው በጥቅምት ሥራነሽ የደረቀ የማገጥ ራስ ፍለጋ ወጣች። በየጨፌው ዳር፣ በየቦዩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እየዞረች፣ የደረቀውን አበባ በነጠላዋ ላይ እያሸች ፍሬውን አጠራቀመች። ፍሬው ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር አድርጋ በድንጋይ ላይ አሸችው፤ ይህንንም ከውበቱ ነው ያየችው። የመሬቷ አፈር ኮምጣጣ ነው ስለተባለ፣ ኮምጣጣነቱን የሚያበርድ አመድ ያስፈልጋት ነበር። የራሷ ምድጃ ስለማይበቃ ከየቤቱ ለመነች። ሴቶቹ አመድ በአሮጌ እንቅብ እየሰጧት ከኋላዋ ይስቁ ነበር። «አሁንስ አመድ አፋሽ ሆነች» ይሏት ነበር፤ እሷም «እናንተ ሳቁ፣ አመዱን ግን አትከልክሉኝ» ትላቸው ነበር። ምላሷ ደረቅ ነው፤ ይህን ጠላቶቿም ወዳጆቿም ያውቃሉ።

ሰኔ ላይ አመዱን በትና፣ ዘሩን መሬቷ ላይ በራሱ ከበቀለው ጋጃ መካከል ዘራች፤ የመጀመሪያው ክረምት ግን ከንቱ ሆነ። በሁለተኛው ማገጡ እዚህም እዚያም ብቅ አለ፤ ጋጃው ግን ገና ቢጫ ነበር። እሷ አላጨደችውም፤ ፍሬውን መሬት ላይ እስኪጥል ጠበቀችው። አጥር አጠረችለት። ሰው ከብቱን ሲያስገባ በድንጋይ አባረረች፣ ተጣላች፣ ተካሰሰች። በሦስተኛው ክረምት ከማገጡ አጠገብ ያለው ሣር መጥቆር ጀመረ። መጀመሪያ ቦታ ቦታውን፣ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ፣ ቀጥሎ ሥፍራው ሁሉ። በአራተኛው ዓመት ጎርፍ ያጠባት መሬት ጉልበት የሚደርስ ሣር ይዛ ስትታይ፣ መንገደኛ ቆሞ የማን እንደሆነች ይጠይቅ ጀመር። ሥራነሽ አንዳንድ ቀን ማገጥ ትነቅልና ጉብጉቧን በጥፍሯ ትሰነጥቃለች። ቀይ ስታገኛት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ቀይዋ ጊደር ላም ከሆነች ቆይታለች፤ አሁን ግን ስትወልድ ወተቷ ለጎረቤት የሚተርፍ ሆነ። ወንጌላዊት በዚያ ላም ቅቤ ደብረ ማርቆስ ገብታ ተማረች፣ እዚያው አገባች። የአንተነህም ሁለት በሬዎች ከዚያ መሬት በሉ። ሥራነሽ በየጊዜው እያጨደች፣ በሸክም እያመጣች ከበረታቸው ትጥልላቸው ነበር። ትከሻቸው ሞላ፣ ጠጉራቸው አንጸባረቀ። አንተነህ በሰው መካከል ሲያሞግሳት፣ «እታለም ባትኖር እኔ በምን አርስ ነበር?» ይል ነበር። እንዲህ ሲል ፊቷን አዙራ ትስቅ ነበር። የምትወደው ሰው ነበር።

በስድስተኛው ዓመት ነሐሴ ማብቂያ ላይ ወንጌላዊት ልትወልድ ተቃረበች። ሥራነሽ ልጇን ልታርሳት ደብረ ማርቆስ መሄድ ነበረባት። ከመሄዷ በፊት አንተነህንና ሚስቱን ጥሩነሽን ወደ መሬቷ ይዛቸው ወረደች። ያን ክረምት ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ፣ እሷም ሣሩን ዝቅ አድርጋ አጭዳው ስለነበር ማገጡ ሣሩን በልጦ መሬቱን ሸፍኖታል።

«አንተነህ፣ ስማኝ። አንቺም ጥሩነሽ ስሚ። ዘንድሮ ማገጡ በዝቷል። ጤዛው ሳይረግፍ ከብት እንዳታስገቡ። ጭድ ሳይቀምሱ በባዶ ሆዳቸው እንዳታስገቡ። የሚሻለው አጭዶ፣ አጠውልጎ በረት ድረስ ማምጣት ነው።»

«እሺ እታለም፣ ሰማን» አለ አንተነህ። ዓይኑ ማዶ ያለው ማሳው ላይ ነበር።

«ሆዱ የተነፋ እንደሆነ የሚያስታውቀው በግራ ጎኑ ነው። የኑግ ዘይት ቶሎ አጠጡት፣ እንዳይተኛ አስነሡት፣ አስኪዱት። ጥሩነሽ፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለች ጥሩነሽ።

የሆነው የመስቀል ሳምንት ነው፤ ሥራነሽ የሰማችው ኋላ ከሰው አፍ ነው። አንተነህ ከዋዜማው ጀምሮ ሉማሜ ገበያ ውሎ፣ ከዘመድ ጋር ጠጥቶ ስለመጣ በሬዎቹ ሳይበሉ አደሩ። ጧት ማጨዱ ታከተው። አጥሩን ከፈተና በሬዎቹን አስገባቸው። ጤዛው ከማገጡ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በሬዎቹ ራሳቸውን ሳያነሡ በሉ። ፀሐይ ሳትሞቅ ዳለቻው በሬ የግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ምላሱን አወጣ፣ አረፋ ደፈቀ፣ በጉልበቱ ወደቀ። አንተነህ ቢጮህ፣ ቢገፋው፣ ቢደበድበው አልተነሣም። ጥሩነሽ የኑግ ዘይት በጠርሙስ ይዛ እየሮጠች ስትደርስ ዳለቻው አልቆለት ነበር። ዘይቱን ለሌላው በሬ በግድ አጠጣችው፣ ጭራውን ይዛ እየነዳች አስኬደችው። ያ በሬ ዳነ።

ስልኩ ሲጮህ ሥራነሽ ለወንጌላዊት አጥሚት ታማስል ነበር።

«እታለም፣ በሬዬን ገደልሽው» አለ አንተነህ።

«በጤዛ አስገባኸው?»

«በሬዬን ገደልሽው እኮ ነው የምልሽ!» ዘጋው።

ያን ዕለት መመለስ ፈልጋ ነበር። ወንጌላዊት ግን በቀዶ ጥገና ነበር የወለደችው፤ ቁስሏ አመርቅዞ ብርድ ብርድ ይላት ነበር። ልጇን ጥላ ለበሬ ልታለቅስ አትሄድ። ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ፣ ከዚያም ቁስሉ እስኪደርቅ ቆየች። ኅዳር ሲገባ በአውቶቡስ ሉማሜ ወረደችና በእግሯ ወደ መንደሯ ሄደች።

ከኮረብታው አናት ላይ ሆና ወደ ወንዙ ስታይ መሬቷን አጣቻት። መንገድ የሳተች መስሏት ቆመች። አጥሩ ተነቅሏል። ከላይ እስከ ታች ጥቁር አፈር ተገልብጦ ይታያል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ታርሷል። አንተነህ ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ ነበር ያረሰው። የጋጃው ሥር ወደ ሰማይ ተዘርግቶ ደርቋል። ወረደችና ከአፈሩ መካከል አንድ የማገጥ ሥር አነሣች። ጉብጉቦቹ ተጨማድደው እንደ አይጥ ኩስ ሆነዋል። ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ እንባ የሚመጣው ለሞተ ሰው እንጂ ለሣር አይደለም ብላ አስባ ነበር። 

አንተነህ ከማዶ አይቷት መጣ። ከሩቅ ቆመ።

«ምነው አንተነህ?»

«በሬ የገደለ መሬት ነው። ታረሰ።»

«የአባባስ ቃል?»

«አባባ ሣር ዝሪበት አላሉሽም። ደብተሩ ላይ ያለው ስም ደግሞ የኔ ነው።»

«በአባትህ መቃብር ምለህልኝ ነበር።»

 እግሩ ሥር ያለውን ጓል በእርግጫ ፈርክሶ ወጣ።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በሚካኤል ደጅ ተቀመጡ። መጀመሪያ አንተነህ ስለ በሬው ተናገረ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። ዳለቻው ገና በጥጃነቱ የገራው በሬ ነው፤ ኀዘኑ የውሸት አልነበረም። ሥራነሽ ቀጥላ ማገጡ እንዴት ሣሩን እንደሚመግብ፣ ከብቱ የሚነፋው መቼ እንደሆነ፣ ከመሄዷ በፊት ምን ብላ እንዳስጠነቀቀች ተናገረች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «አየር ያበላዋል ነው የምትይው? ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?» አሏት። የውበቱን ቁራጭ ወረቀት ከመቀነቷ ፈታ በስልኳ ደወለች። የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አልቻሉም የሚለውን ድምፅ ሽማግሌዎቹም ሰሙት። አንዳንዱ ፈገግ አለ።

«ጥሩነሽን ጠይቁልኝ» አለች ሥራነሽ። «እሷ እዚያው ነበረች። ለአንደኛው በሬ ዘይት ያጠጣችው ከኔ ሰምታ ነው።»

ጥሩነሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ባሏ መሬት መሬት ያያል።

«ሥራነሽ ከመሄዷ በፊት፣ በጤዛ ከብት አታስገቡ ብላ ነበር?» አሏት አያ ቢያዝን።

ጥሩነሽ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። «አላስታውስም፣ አያ» አለች።

አያ ቢያዝን የአባቷን ቃል በጆሯቸው የሰሙ ሰው ናቸው። ሥራነሽ ወደ እሳቸው ዞረች፤ ሌላ የሚመሰክርላት አልቀረም። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ቃሉን ሰምቻለሁ። አልክድም። ነገር ግን አሁን የሚጠየቀው ደብተር ነው፣ ልጄ» አሏት። ፍርዱ አጭር ነበር። የታረሰው ታርሷል፤ አንተነህ በሬው ሞቶበታል፤ እህቱን ከቤቷ እንዳያስወጣት፤ ወንድምና እህት ናቸውና ይቅር ይባባሉ። ሥራነሽና አንተነህ ተነሥተው ተሳሳሙ። ጉንጩ እንደ ድንጋይ ነበር፤ የሷም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም።

ከወር በኋላ ጥሩነሽ ምንጭ ላይ አገኘቻት። ሌላ ሰው አልነበረም። እንስራዋን አስቀምጣ እግሯ ላይ ወደቀች።

«ተነሺ» አለች ሥራነሽ።

«አምስት ልጅ ይዤ የት እሄዳለሁ እታለም? አንቺ ከባልሽ ስትመጪ አባትሽ ግቢ አሉሽ። እኔን ማን ግቢ ይለኛል?»

ሥራነሽ ደግፋ አስነሣቻት። እንስራዋን አሸከመቻትና ሄዱ፤ አንዷ ፊት፣ ሌላዋ ኋላ። ይቅርታ እንዳደረገችላት ግን እስከ ዛሬ አልነገረቻትም።

ላሟ ያን በጋ ደረቀች። ሥራነሽ የመንገድ ዳር ሣር ብታጭድላትም አልበቃትም፤ የጎን አጥንቷ ሲወጣ ሉማሜ ወስዳ ሸጠቻት።

በቀጣዩ ክረምት አንተነህ በዚያች መሬት ስንዴ ዘራባት። ያን ዓመት ማዳበሪያ እንደ ልብ አልተገኘም፤ የደረሰውም ከዘር በኋላ ነበር። በየማሳው ስንዴው ቢጫ ሆኖ፣ አጥሮ ቆመ። የአንተነህ ስንዴ ግን ከነሐሴ ጀምሮ ጠቆረ። ግንዱ ወፈረ፣ ቅጠሉ ሰፋ፣ በመስከረም ዘለላው ጎንበስ አለ። ሰው ሌላ ነገር ጠረጠረ፤ ማዳበሪያ ደብቋል ተባለ፤ ቤቱንም የፈተሹት አሉ። አንተነህ ራሱ ተገርሞ ነበር። ምስጢሩን ከሁሉ በላይ የምታውቀው ሥራነሽ ከደጃፏ ሆና ታየው ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በየሥሩ፣ በየቅጠሉ፣ በየበሰበሰው ሣር ውስጥ የተቀመጠው ምግብ መሬቱ ሲገለበጥ ባንድ ጊዜ ተለቅቆ፣ ስንዴው እየጠጣው ነው። ለሰው ብትናገር ማን ይሰማታል።

ጥቅምት ላይ የመስክ ቀን ተባለና ገበሬዎችና የግብርና ባለሙያዎች መጥተው በማሳው ዙሪያ ቆሙ። አንተነህ ጋቢውን አሳምሮ ለብሶ ተናገረ። መሬቱን ሦስት ጊዜ ማረሱን፣ በመስመር መዝራቱን፣ አረሙን በጊዜ ማረሙን፣ የቀረው የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን አስረዳ። ተጨበጨበለት። ሔዋን የምትባል ወጣት ባለሙያ ደብተሯን ከፍታ፣ «ከዚህ በፊት ምን ነበረበት?» ብላ ጠየቀችው።

«ጠፍ ነበር» አለ አንተነህ።

ሥራነሽ ከሰዉ ኋላ ቆማ ነበር። ዝም ልትል ቆርጣ ነበር የመጣችው። ያቺ ቃል ስትወጣ ግን ጆሮዋ ጋለ።

«ስድስት ዓመት ማገጥ ነበረበት!» አለች።

ሰው ሁሉ ዞረ። ከወጣቶቹ አንዱ፣ «ሥርነሽ ተነሣች!» አለና ሳቁ ተከተለው። አንተነህ አልሳቀም። ለባለሙያዋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እህቴ ናት። ብቻዋን ስለምትኖር… ይቅርታ» አላት። ከዚያ የአረም መድኃኒት መርጫ ፓምፕና የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ሰው ሲያጨበጭብ ሥራነሽ ሄደች።

ሔዋን ማታ ላይ ቤቷን ጠይቃ መጣች። ተቀምጣ አዳመጠቻት፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። «ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ እትዬ። ስምዎ ተጠቅሶ መዘገብ አለበት። ተመልሼ እመጣለሁ» አለቻት። ከልቧ ነበር። በጥር ግን ሌላ ወረዳ ተመደበች ሲባል ተሰማ፤ ከዚያ ወዲህ አልታየችም።

በሁለተኛው ዓመት አንተነህ ያንኑ ስንዴ ደገመው። ነሐሴ ላይ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ቢጫው ወደ ላይ ወጣ። ያገኘውን ዩሪያ በተነበት፤ ዝናብ አጥቦ ወደ ወንዙ ወሰደው። ሲወቃ ከጭዱ በቀር ብዙ ነገር አልነበረም። ሰው እንደገና ሳቀ፤ አሁን በአንተነህ ነው። የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ ያወረደው ያን ሰሞን ነው ይባላል።

በጥምቀት ማግሥት ሥራነሽ ቤት መጣ። ሁለት ዓመት ያልረገጠውን ደጃፍ ጎንበስ ብሎ አለፈና መደብ ላይ ተቀመጠ።  አርጅቷል፤ ጺሙ ሸብቷል።

«እታለም፣ ያ መሬት ምን ሆነ?»

«በላኸዋ። ስድስት ዓመት ያጠራቀመውን በአንድ መኸር በላኸው።»

«ማገጡ ነበር ማለት ነው?»

«ማገጡ ነበር።»

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ዘሩ አለሽ?»

ነበራት። አንድ ቅል ሙሉ አጎዛ ሥር አስቀምጣለች። «አለኝ» አለችው። «እዘራዋለሁም። ግን መጀመሪያ ሉማሜ አብረን እንሂድና ደብተሩ ላይ ስሜን አስገባ። ለዚያች መሬት ብቻ። ሌላ ካንተ አልፈልግም።»

አንተነህ ቀና ብሎ አያት። ለአንድ አፍታ እሺ የሚል መሰላት። ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

«ልጆቼ አድገዋል እታለም። ለአምስት ሳካፍለው ምን ይደርሳቸዋል? እነሱን ምን እላቸዋለሁ?»

«የአባታችሁ መሐላ ነው በላቸው።»

«አስብበታለሁ» አለና ተነሣ። ሥራነሽ ደጅ ድረስ ሸኘችው፤ የእንግዳ ደንብ ነው። ሲሄድ ከኋላው እያየችው፣ ሮጣ ደርሳ «በል ተወው፣ ስሜ ይቅር፣ እዘራዋለሁ» ልትለው አማራት። አላለችውም። ያን አለማለቷ ልክ ይሁን ስሕተት ዛሬም አታውቅም፤ ስትተኛ የሚመጣባት እሱ ነው።

ሰኔ ላይ አንተነህ ከችግኝ ጣቢያ በአህያ ባሕር ዛፍ አመጣ። ጥሩነሽና ልጆቹ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ እሱ ተከለ። በሦስት ቀን ጨረሱ። ባሕር ዛፍ አመድ አይፈልግ፣ አጥር አይፈልግ፣ ምክርም አይፈልግ። ከሥሩ ግን ሣር አይበቅልም፤ ይህን የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ወንጌላዊት በየበዓሉ እየመጣች፣ «እማዬ፣ ይብቃሽ፣ ከኛ ጋር ማርቆስ ኑሪ» ትላታለች። ሥራነሽ እሺም እምቢም አትላትም። የማገጡን ዘር ለመንደሩ ሁለት ሴቶች ልትሰጥ ጠይቃቸው ነበር፤ አንደኛዋ «በሬያችንን ይገድልብናል» አለች፣ ሌላዋ ባሏን ጠይቃ አልተመለሰችም። ዘሩ ሳይዘራ አራት ዓመት አለፈው፤ ከእንግዲህ ይበቅላል ብላም አታስብም። ባሕር ዛፉ ዘንድሮ ከቤቷ ክዳን በልጧል። ረፋድ እስኪሆን ድረስ ደጃፏ ፀሐይ አያገኝም።